ሰፊውን ርዕስ ተዉት፣ አንድ አንቀጽ ያዙ

በዓለም አቀፍ የኢነርጂ ሕግ መምህርና ተመራማሪ ለመሆን የምታስቡ፣ የዶክትሬት ጥናት ሐሳባችሁን «የኢነርጂ ሽግግርና ሕግ» በሚል ሰፊ ርዕስ አትጀምሩ። ይልቅስ አንድ አንቀጽ ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተፈረመውን፣ በኢነርጂ ዘርፍ የውጭ ኢንቨስትመንትን የሚጠብቀውን የኢነርጂ ቻርተር ስምምነት ውሰዱ፤ በአንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት አንድ አገር ከስምምነቱ ቢወጣም፣ ቀድሞ የገባው ኢንቨስትመንት ለ20 ዓመታት ጥበቃው ይቀጥላል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2016 ብትወጣም ከዚያ በኋላ በባለሀብቶች ከመከሰስ አላመለጠችም። ከዚህች አንዲት ንዑስ አንቀጽ ስንት ጥያቄ ይመዘዛል!

እንዲህ ያሉ የባለሀብትና የመንግሥት ክሶች የሚታዩባቸውን የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችንም ከማጠቃለያ ሳይሆን ከሙሉ ጽሑፋቸው አንብቡ፤ ብዙዎቹ በነጻ ይገኛሉ። አሰልቺ ናቸው፣ አልዋሽም። በውሳኔው ያልተስማማው ዳኛ የሚጽፈውን የልዩነት ሐሳብ ግን አትዝለሉ፤ ጥሩ የጥናት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነው።