ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወደ አረንጓዴ ሲመታ

ደሴ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ከጉርድ ፎቶ ቀጥሎ የሚበዛው ሥራዬ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማሳደግ ነው። የአባት፣ የአያት፣ የሞተ ወንድም። አብዛኛው ሌላ ቅጂ የለውም። ደንበኛ ይዞብን የሚመለሰውን ችግር ከነምክንያቱና ከነመፍትሄው ልንገራችሁ።

ችግር፦ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይመታል

አንዲት እናት ለአባታቸው ሙት ዓመት ፎቶ አሳደጉ። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ስናየው ጥሩ ነበር። በማግስቱ ይዘውት መጡ። «ልጄ፣ አባቴ እንዲህ ታሞ አያውቅም» አሉኝ። በር ላይ ወጥተን በቀን ብርሃን ስናየው ጉንጩ አረንጓዴ ሆኗል። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እንደ ኤፕሰን ኤል 805 እና ኤል 1800 ያሉት ባለ ስድስት ቀለም ፕሪንተሮች ያላቸው ጥቁር አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጄንታ (ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ሮዝ)፣ ቢጫ፣ ላይት (ፈዘዝ ያለ) ሳያንና ላይት ማጄንታ ናቸው። ግራጫው የሚወጣው እነዚህን በማደባለቅ ነው። ቅልቅሉ ትንሽ ከተዛባ ቀይ ቀሚስ ላይ ማንም አያውቀውም። ግራጫ ላይ ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በዚያ ላይ ያው ቅልቅል በአምፖልና በፀሐይ ብርሃን አንድ ዓይነት አይታይም።

መፍትሄው ከወረቀት ሴቲንግ ይጀምራል። ፕሪንተሩ ላይ ያስገባችሁት ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት) ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ የተመረጠው ተራ ወረቀት ከሆነ፣ የሚረጨው የቀለም መጠን ከመጀመሪያውም የተሳሳተ ነው። ቀጥሎ ቀለሙን እዩ። የፕሪንተሩ ቅመማ የተሰላው ለራሱ ቀለም ነው። ግማሹን ከአንድ፣ ግማሹን ከሌላ አምራች እየሞላችሁ ንጹሕ ግራጫ አትጠብቁ።

ሁለቱም ልክ ሆነው አሁንም ከመታ፣ ከነጭ እስከ ጥቁር 21 ደረጃ ያለው መሞከሪያ አትሙ። እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠብቁት፤ ከዚያ መስኮት ዳር እዩት። አረንጓዴ ከመታ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው የፕሪንተሩ ሴቲንግ ማጄንታውን በጥቂቱ ጨምሩ፣ ወይን ጠጅ ከመታ ቀንሱ። እንደገና አትሙ። እኔ የእኚያን እናት ፎቶ ያስተካከልኩት በአራተኛው ሙከራ ነው።

አቅም ያለው ሰው ሦስት ዓይነት ጥቁር ያለው ፕሪንተር ይግዛ፤ ለምሳሌ ኤፕሰን ሹርከለር ፒ 600። ጥቁር፣ ቀላል ጥቁርና ይበልጥ ቀላል ጥቁር አለው። ግራጫው በዋናነት ከጥቁሮቹ ስለሚወጣ የመምታት ችግሩ በጣም ያንሳል። በጥቁሩ ብቻ የሚያትም ግሬይስኬል የሚባል ምርጫ ያላቸው ፕሪንተሮችም አሉ። አንድ ጥቁር ብቻ ካላቸው ግን ጉንጭና ሰማይ ላይ ነጠብጣቡ ይታያል፤ ለትልቅ ፎቶ አልመርጠውም።

ችግር፦ ጥቁሩ አመድ ይመስላል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። ተራ ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ማት (የማያብረቀርቅ) የፎቶ ወረቀት ይሻላል፤ ቢሆንም ብርሃን ስለሚበትን ጥቁሩ እንደ ግሎሲ አይጠልቅም። ለጸጉርና ለጥቁር ካባ ግሎሲ ወይም ሰሚ ግሎሲ ምረጡ። በመስታወት የማይሸፈን ለስላሳ ምስል ከሆነ ማት ያምራል።

ከብዙዎቹ የካኖን ጂ ፕሪንተሮች ጋር የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። ጥቁሩ ፒግመንት (በፈሳሹ ውስጥ ያልሟሟ ደቃቅ ዱቄት ያለው ቀለም) ነው፣ የተሠራውም ለጽሑፍ ነው። ግሎሲ ስትመርጡ ፕሪንተሩ ይተወውና ጥቁሩን ከሦስቱ ቀለማት (ከሳያን፣ ከማጄንታና ከቢጫ) ይሠራዋል። ጥቁር ጠርሙስ መቀየር እዚህ ምንም አይረዳም።

ወረቀት ስንገዛ ሁላችንም «ስንት ግራም ነው?» እንላለን። ግራሙ የሚነግረን ክብደቱን ነው። ቀለሙን የሚይዘው ላዩ ላይ ያለው ልባስ ነው፣ የእሱን ጥራት ደግሞ ከእሽጉ ላይ ማንበብ አይቻልም። አንድ እሽግ ገዝታችሁ ያንን ባለ 21 ደረጃ ሞክሩበት፤ ከወደዳችሁት ያንኑ በብዛት ግዙ።

ችግር፦ ቀለሙ አይደርቅም

ወረቀቱን በተገላቢጦሽ አስገብታችሁት ይሆናል። ጣታችሁን በትንሹ አርጥባችሁ ጥጉን ንኩት። የሚጣበቀው በኩል የሚታተምበት ነው። ፒግመንት ቀለምም ርካሽ ግሎሲ ላይ ሳይያዝ ሊቀር ይችላል።

ደሴ ላይ ደግሞ ክረምት አለ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ክፍት የተተወ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። የምትፈልጉትን ያህል ብቻ አውጡ፣ የቀረውን በፕላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩ። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ሞቃት ናት። ከደሴ ብርድ ወረቀት ይዛችሁ ስትወርዱ እሽጉ ሳይከፈት እስኪሞቅ ጠብቁ።

ችግር፦ ነጭ መስመር ይታያል

ኖዝል ቼክ (ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች መዘጋታቸውን የሚያሳይ የፕሪንተሩ ሙከራ) አድርጉ። መስመር ከጎደለ በፕሪንተሩ ማጽጃ አንድ ሁለቴ አጽዱና ሌሊቱን ተዉት፤ ደጋግሞ ማጽዳት ቀለም ይጨርሳል። እያተመ መብራት ከጠፋ ቀለም የሚረጨው ጭንቅላት ሳይከደን ይቀርና ይደርቃል። መብራት እንደመጣ ወዲያው አብሩት፣ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ከሶኬት አትንቀሉ፤ በራሱ ቁልፍ አጥፉ።

ችግር፦ ዓመት ሳይሞላ ይደበዝዛል

ምክንያቱ ዳይ (በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ) ቀለም ነው። ብርሃንና አየር ይበላዋል። ቀለሞቹ እኩል ስለማይጠፉ ግራጫው መልኩን ይቀይራል። ፒግመንት ይቆያል። ዳይ ከሆነ በመስታወት ይሸፈን፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ከታተመ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይደርቅ ፍሬም አታስገቡት፤ መስታወቱን ከውስጥ ያደበዝዘዋል። ደንበኛው ቢቸኩልም «ነገ ይምጡ» በሉት። እኔ ስካኑንም በፍላሽ አብሬ እሰጣለሁ።