ካምፕ ላለ ወታደር ስንቅ፦ ከዳቦ ቆሎው እስከ ስልኩ

ካምፕ ላለ ልጅ የሚላክ ስንቅ ሳይበስል የሚበላ፣ መንገድና ሙቀት የሚችል፣ ለጓደኞቹም የሚተርፍ መሆን አለበት። ወታደር ጥግ ይዞ ብቻውን አይበላም፤ ከረጢቱ የሚፈታው ጓዶቹ ባሉበት ነው። 1 ኪሎ ብትልኩ በአንድ ማታ ያልቃል። አቅም ከፈቀደ 4 ወይም 5 ኪሎ አድርጉት።

የት እንዳለም አስቡ። ድሬዳዋ አካባቢ ያለውን የሁርሶ ካምፕ የመሰለ ቆላ ላይ ላለ ልጅ ቅቤ የነካው ነገር ሁሉ ቀልጦ ከረጢቱን ያበላሻል። ለቆላውም ለደጋውም የሚሆነው ዳቦ ቆሎ ነው።

ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ያዙ። እርሾ አይግባበት፤ ይነፋና ውስጡ እርጥበት ይዞ ይቀራል። ዘይቱን መጀመሪያ ከደረቁ ዱቄት ጋር በመዳፍ እሹት። ጥርስ ላይ ፍርክስ የሚለው በዚህ ነው፤ ውሃው ከቀደመ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት፤ ግማሽ ሊትር እንኳ አይፈጅም። ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት፣ በመዳፍ እያንከባለላችሁ እንደ እርሳስ አቅጥኑትና የጣት ጥፍር በሚያህል ቁረጡት።

ብረት ምጣድ ላይ በመለስተኛ እሳት፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ቁሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ እሳቱ ሲበረታ ውጪው ይቀላና የበሰለ ይመስላል። አንዷን አውጡና ፍጹም ስትቀዘቅዝ ስበሯት። ቀጭ ብላ ከተሰበረችና መሃሏም እንደ ዳሯ ደረቅ ከሆነ ደርሷል። መሃሏ ሊጥ ከመሰለ ወደ ምጣዱ ይመለስ፤ መንገድ ላይ ሻጋታ የሚያመጣው ያ የቀረ እርጥበት ነው።

በሶ ደግሞ ከጥበቃ ሲመለስ በውሃ በጥብጦ የሚጠጣው ወይም ጨብጦ የሚበላው ነው። ገብሱ ተለቅሞ፣ ተፈትጎ፣ በደንብ ደርቆና ተቆልቶ ይፈጫል። ከወፍጮ ቤት እንደመጣ በትኩሱ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ያልበውና ይጓጉላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ንጹህ አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ አሳድሩት። ጨው፣ ሚጥሚጣና ስኳር ለየብቻ ቋጥሩለት፤ ጓደኛው እንደሱ ላይወድ ይችላል።

ደጋ ላይ ላለ ልጅ ግን ጭኮን፣ ማለትም በቅቤ የታሸ በሶን፣ የሚያህል የለም። ለ1 ኪሎ በሶ ግማሽ ኪሎ ያህል ንጥር ቅቤ ይበቃል። ቅቤው በደንብ ካልነጠረ የቀረው ውሃ ያሸተዋል። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ለሚጾም ልጅ ጭኮ አይላክም፤ 55 ቀን ሊያስቀምጠው ነው።

ሳሙናና ቫዝሊን ከምግብ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አታድርጉ። በሶ ሽታ ይስባል፤ ሳሙና ሳሙና የሚል በሶ ደግሞ ማንም አይጠጣም። ለየብቻ አሽጉና ካልሲ፣ መርፌና ክር፣ የሸሚዝ ቁልፍ ጨምሩ። ፓወር ባንክና ስልክ ከመላካችሁ በፊት ይፈቀድ እንደሆነ እሱን ጠይቁት። ዕቃውን ከፈቃድ ለሚመለስ፣ እሱ ራሱ ስሙን ለነገራችሁ ጓደኛው ስጡ። ውስጡ ያለውን በወረቀት ዘርዝራችሁ አንዱን ከስንቁ ጋር አስቀምጡ፣ ሌላው እናንተ ጋ ይቅር። ያለበትን ቦታና የጦር ክፍሉን ስም ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አትጻፉ፤ በዩኒፎርም የተነሳውን ፎቶም አትለጥፉ።

ስልክ ሲደውል ጊዜው አጭር ነው፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። የምትነግሩትን ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ያዙ፤ ዋናው ይቅደም፣ ሰላምታው በኋላ ይረዝማል። ስንት ቀን ድምፁ ቢጠፋ ሥራ ላይ ነው ማለት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ይህ ስምምነት የሌለበት ቤት በሦስተኛው ቀን እናት እንቅልፍ ታጣለች። የጠፋ ፍየልና የጎረቤት ጠብ አትንገሩት፤ የልጆቹን ትምህርትና የአባቱን ጤና ግን አትደብቁት፣ ከሌላ ሰው ሲሰማ እናንተን ማመን ያቆማል።

መርዶ በምንም ዓይነት ለእሱ በቀጥታ በስልክ አይነገርም። ማታ ጥበቃ ላይ፣ መሣሪያ ይዞ ብቻውን ቆሞ ሊሰማው ይችላል። የቅርብ ጓደኛውን ወይም አለቃውን አግኙና ለእነሱ ንገሩ፤ ከጥበቃ መውጣቱን አይተው፣ ሰው ሰብስበው፣ በማለዳ ያረዱታል። ፈቃድ የሚጠየቅለትም በእነሱ በኩል ነው። እስከዚያ ድረስ ከዘመድ ማንም እንዳይደውልለት፣ ፌስቡክ ላይም "ነፍስ ይማር" ብሎ እንዳይጽፍ አስጠንቅቁ።

ደመወዙን ሚስቱ ወይም እናቱ የምታወጣለት ከሆነ ፈቃድ ሲመጣ መታወቂያውን ይዞ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና ይስጥ። ውክልናው ላይ "ከባንክ ገንዘብ ማውጣት" የሚለው በግልጽ መጻፉን ሳትወጡ አንብቡ፤ ያ ከሌለ ባንኩ ይመልሳችኋል፣ እሱን ደግሞ እስከሚቀጥለው ፈቃድ አታገኙትም።