«ፓምፑ ተቃጠለ፣ ብር ላክ» ከመባሉ በፊት

ርቃችሁ እየኖራችሁ አዲስ አበባ ቤት ላላችሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ከመሬቱ ታንከር ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ የሚገፋው ፓምፑ ነው፣ የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ፍሎቱ፣ ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው ተንሳፋፊ ማብሪያ። ሁለት ፍሎት ይግባ። የላይኛው ሮቶው ሲጎድል ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል፤ የታችኛው የመሬቱ ታንከር ሊደርቅ ሲል ያስቆማል። ሁለቱ ተከታትለው ይታሰሩ፣ አንዱ ከከለከለ ፓምፑ አይነሳም። የሞተሩ ከረንት በፍሎቱ አይለፍ፤ ፍሎቱ ኮንታክተሩን (የሞተሩን ከረንት የሚያገናኘውንና የሚቆርጠውን) ይዘዝ፣ ቴርማሉም (ከረንት ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋው) ሞተሩ ላይ በተጻፈው አምፔር ይስተካከል። የላይኛው ፍሎት ገመድ ላይ ያለው ክብደት ወደ ፍሎቱ በጣም ከቀረበ ፓምፑ በየደቂቃው ይነሳል ይጠፋል።

ገንዘባችሁን የሚበላው ግን ሌላ ነው። ፍሎቱ አንድ ቀን ይጣበቃል። ባለሙያው «መለዋወጫ እስኪገኝ» ብሎ ፓምፑን ዳይሬክት፣ ማለትም ያለ ፍሎት፣ ያገናኘዋል። ውሃ መጣ፣ ሁሉም ተደሰተ፣ መለዋወጫው ተረሳ። ፈረቃው ሲዘገይ ታንከሩ ይደርቅና ፓምፑ ባዶውን ይሽከረከራል። የዘንጉን ማሸጊያ የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነበርና ማሸጊያው ይቃጠላል፤ በዚያ በኩል ውሃ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ የመዳብ ሽቦ ጥቅሉን ይጨርሰዋል። እናንተ ጋ የሚደርሰው «መብራት አቃጠለው» የሚል ነው። መብራትም ያቃጥላል፤ ለእሱ የቮልቴጅ መከላከያ አለ። ግን ብር ከመላካችሁ በፊት ፓምፑ ይከፈትና ማሸጊያው ፎቶ ይነሳ። ቀልጦ ወይም ተሰነጣጥቆ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያለ ውሃ መሥራቱ ነው፤ ፍሎቱ ሳይስተካከል አዲስ ፓምፕ መግዛት ሁለተኛ ማቃጠል ነው።

ቤቱን የሚያይላችሁ ዘመድስ? አብዛኛው አይሰርቃችሁም፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። ነገም በር ላይ የሚያገኘውን ባለሙያ «ለምን ዳይሬክት አደረግከው?» አይለውም። ተከራይም ውሃ እስካገኘ ዝም ይላል፤ ዘበኛው ደግሞ ማብሪያውን «ማንዋል» ላይ፣ ፍሎቱ በማያዝበት፣ ትቶ ይተኛል። ስለዚህ ከዘመድ አስተያየት ሳይሆን ቪዲዮ ጠይቁ፤ በወር አንዴ፣ ፓምፑ እየሠራ። የላይኛው ፍሎት በደረቅ እንጨት ወደ ላይ ሲገፋ ፓምፑ መቆም አለበት። የታችኛው በገመዱ ከውሃው ተስቦ ሲንጠለጠልም እንዲሁ። ካልቆመ ፍሎቱ ተጣብቆ፣ ዳይሬክት ተገናኝቶ ወይም ማብሪያው «ማንዋል» ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ፓምፑ ይቀየር ያለው፣ የሚገዛውና የሚገጥመው አንድ ሰው አይሁን፤ ጓደኛችሁም ቢሆን፣ የአክስታችሁ ልጅም ቢሆን። የአሮጌውም የአዲሱም ፓምፕ ሰሌዳ (አምፔሩና ቁጥሩ የተጻፈበት)፣ ቁጥሩ እንዲነበብ ሆኖ ፎቶ ይነሳ። አሮጌው ቤት ይቆይ፤ ሞተሩ በአዲስ ሽቦ ሊጠቀለል ይችላል፣ ካልሆነም መዳቡ ገንዘብ ነው፣ «ጣልኩት» የሚባል ዕቃ አይደለም።