የሒሳብ ማስተማሪያ ስንለዋወጥ የምናበላሸው

ጅማ ያለን የሒሳብ መምህራን ያገኘነውን ጥያቄ፣ ጨዋታና ቪዲዮ በቴሌግራም መላላክ እንወዳለን። አዲስ የተመደቡት ደግሞ ይብሳሉ፤ ማታ ያዩትን ጠዋት ክፍል ይዘውት ይገባሉ። ትጋታቸው ደስ ይለኛል። የሚላከው ነገር ግን ልጆቹን ሲያደናግር ደጋግሜ ስላየሁ፣ ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ላውጣው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ምክንያቱ ተቆርጦ የሚላክ አቋራጭ ነው። "በ10 ስታባዛ መጨረሻው ላይ ዜሮ ጨምር።" ሦስተኛ ክፍል ላይ ይሠራል። በኋላ አስርዮሽ ሲመጣ ያው ልጅ 2.5ን በ10 አባዝቶ 2.50 ይላል፤ ያደረገው የተነገረውን ነው። ያኔ መምህሩ ሌላ አቋራጭ ይደርብለታል፦ "ነጥብ ካለው ነጥቡን ወደ ቀኝ አንድ ቤት ውሰደው።" አሁን ልጁ ሁለት ደንብ ተሸክሞ የቱን መቼ እንደሚጠቀም ይጨነቃል። ሁለቱም እኮ አንድ ናቸው። በ10 ሲባዛ አንድ ቤት የነበረው አሃዝ ወደ አስር ቤት ይወጣል፣ አንድ አስረኛ ቤት የነበረው ወደ አንድ ቤት። ይህን ለማሳየት ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓምድ ማስመር ይበቃል።

"የጥንት ኢትዮጵያውያን የማባዛት ምስጢር" እየተባለ የሚዞረውም እንዲሁ ነው። ዘዴው ራሱ ግሩም ነው። 13 ፈረሱላ ቡና ስንት ኪሎ ይሆናል? አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በግራ 13ን እያጋመሳችሁ ትርፉን ግማሽ ጣሉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 17ን እጥፍ እያደረጋችሁ ውረዱ፦ 17፣ 34፣ 68፣ 136። በግራው ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን ረድፍ ሰርዙ፤ 6 ከነ34ቱ ይወጣል። የቀሩት 17፣ 68 እና 136 ሲደመሩ 221 ኪሎ። ልጆች ያጨበጭባሉ፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ 34 ምን አጥፍቶ ነው የተሰረዘው?" ብላ ስትጠይቅ መምህሩ "ደንቡ ነዋ!" ሲላት ከኋላ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ምነው! የልጅቷ ጥያቄ እኮ ከዘዴው ይበልጣል። 13 ማለት 8 ሲደመር 4 ሲደመር 1 ነው፤ 2 የለበትም። 34 ደግሞ የ17 ሁለት እጥፍ ስለሆነ አይፈለግም። ኮምፒውተርም ቁጥር የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። "ምስጢር" የሚለውንም ተዉት። የጥንት ግብፃውያን እጥፍ እያደረጉ ያባዙ ነበር፣ ሌላ አገር ደግሞ የሩሲያ ገበሬዎች ዘዴ ይሉታል። የእኛ ብቻ ባይሆን ምን ይጎድልብናል?

ፒዛን በእንጀራ መተካት። ከውጭ በመጣ የክፍልፋይ ወረቀት ላይ ፒዛው ይፋቅና እንጀራ ይጻፍበታል፣ አገርኛ ሆነ ይባላል። እንጀራን ስምንት እኩል ቦታ ቆርጦ የሚያቀርብ ቤት የት አለ? ይልቅ ሂርማታ ገበያ ቡና ሲመዘን ያየ ልጅ ጋ ጨዋታው አለ። ግማሽ ፈረሱላ 8.5 ኪሎ፣ ሩቡ 4.25 ኪሎ መሆኑን ራሱ ያወጣዋል። 17 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ስለሌለ፣ እኩል እንካፈልህ ሲሉት እምቢ ይላል፤ አስርዮሽ ለምን እንዳስፈለገ እዚያው ይገባዋል።

ባለ 300 ገጽ ፒዲኤፍ አትላኩ። የወደዳችኋትን አንድ ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ዳታ በነፃ አይደለም።

ቦታና ወቅት ያልጠየቀ ሥራም አለ። "እኩለ ቀን ላይ ወጥታችሁ የዘንግና የዛፍ ጥላ ለኩ፣ የዛፉን ቁመት አስሉ።" በመስከረም ጅማ ላይ ፀሐይ ከየት ይምጣ! ደመናው ቢገለጥም ሌላ ጣጣ አለ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነች፣ ሚያዝያ መባቻ አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። የዛፉን ጥላ በዜሮ ልታካፍሉት ነው? ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስለኩ። ጥላ የሚጠፋባትን ቀን ግን ለብቻዋ ያዙልኝ። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ያሰላው አስዋን ላይ ጥላ በሚጠፋበት ቀን እስክንድርያ ላይ የጥላውን አንግል ለክቶ ነው፤ 7.2 ዲግሪ፣ ማለትም የክብ አንድ ሃምሳኛ። ለእኛ ይህ ቀን በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሁለተኛው ነሐሴ ማገባደጃ ላይ ስለሆነ ተማሪ የለም፤ የሚያዝያው እንዳያመልጣችሁ።

"6 ÷ 2(1 + 2) ስንት ነው?" የሚለውን ለልጆች አትስጡ። 1 ነው፣ 9 ነው እያሉ መምህራን ሲሰዳደቡ አምሽተውበታል። ጸሐፊው ቅንፍ ስለሰሰተ የተነሳ ጠብ ነው፣ ሒሳብ የለበትም።

ማን ቀድሞ ጨረሰ የሚባልበት ውድድር የሚያስደስተው ሁልጊዜ የሚያሸንፉትን ሦስት ልጆች ብቻ ነው።

ገበጣ ላይ ደግሞ የታተመ ደንብ ይዞ መጥቶ "እናንተ የምትጫወቱት ስህተት ነው" ማለት ተጀምሯል። ደንቡ እኮ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ሀብቱም እሱ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የሰፈሩን ደንብ ሌላው ሳይጠይቀው መጫወት በሚችልበት መጠን በጽሑፍ ያስቀምጥ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይከራከሩበት። ከዚያ ጠይቋቸው፦ 12 ጉድጓድ ካለና ከአንዱ 12 ጠጠር አንስቼ አንድ አንድ እየጣልኩ ብዞር የመጨረሻዋ የት ታርፋለች? 25 ቢሆንስ? በ12 ተካፍሎ የሚተርፈው ቀሪ ምን እንደሚሠራ ያኔ በእጃቸው ይዳስሱታል።

የመጨረሻው፣ የሚላከው ሁሉ "ተማሪዎቼ በጣም ወደዱት" ይላል። የት ላይ እንደተሰናከሉ የሚጽፍ የለም፤ ለሚቀጥለው መምህር የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። የፈረሱላውን ስትሞክሩ ለምሳሌ፣ ግማሹ ክፍል 13ን ሲያጋምስ 6.5 ብሎ ይጽፋል። ግማሹን ጣሉት ስትሏቸው "የት ይገባል?" ይላሉ። ያልተሰረዙትን ረድፎች አሳዩአቸው፤ የተጣለው ሁሉ እዚያ ተቀምጧል።