ወደ ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ ከመብረርዎ በፊት፦ ከቪዛው ቀን እስከ ጫማው ሶል

ስካንዲኔቪያ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ብርዱ ነው። ብርዱ ግን ቀላሉ ችግር ነው፤ ጃኬት እዚያም ይሸጣል። ጉዞ የሚያበላሹት ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው፦ ቪዛው ላይ በትክክል ያልተነበበ ቀን፣ ሱቅ ውስጥ እምቢ ያለ ካርድ፣ ከሻንጣ የወጣ ቅቤ። ስለዚህ ዝግጅቱን ከልብስ ሳይሆን ከወረቀት ይጀምሩ። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከ90 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀ ነው።

1. የቪዛውን ጉዳይ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይጀምሩ

ሦስቱም አገሮች የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) አባል ስለሆኑ አንድ ቪዛ ይበቃል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ኦስሎ 7 ቀን፣ ስቶክሆልም 3 ቀን የሚቆይ ሰው የስዊድን ቀጠሮ ቶሎ ስለተገኘ ብቻ ለስዊድን ቢያመለክት በሆቴል ቡኪንጉ ራሱን ያጋልጣል። አንዱ አገር የሌላውን ማመልከቻ ወክሎ ሊቀበል ስለሚችል የት እንደሚገባ ደላላ አይጠይቁ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶቹ፣ የስዊድኑ ሚግራሾንስቬርኬትና የኖርዌዩ ዩዲአይ፣ በድረ ገጻቸው ላይ አስፍረውታል።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። በመደበኛው ደንብ ውሳኔ በ15 ቀን ይሰጣል። ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 (በፈረንጆቹ 2024) ባሳለፈው ውሳኔ ጊዜው 45 ቀን ሆኗል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀርቷል። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ «እኔ እኮ በሁለት ሳምንት ነው ያገኘሁት» ቢልዎ በዚያ አይቁጠሩ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ነጻ ነው። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

ፓስፖርቱ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በመላው ሸንገን የሚሠራ፣ ከሚገቡበት እስከሚወጡበት ቀን አንድም ቀን የማይጎድለው ይሁን። የገንዘብ አቅምን በተመለከተ ስዊድን በቀን 450 ክሮና፣ ኖርዌይ 500 ክሮነ እንደ መነሻ ይወስዳሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው የታወቀ ስህተት ቀጠሮው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ከወንድም ከእህት ተበድሮ ሒሳብ ውስጥ አንድ ትልቅ ገንዘብ ማስገባት ነው። መርማሪው የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የወራቱን ገቢና ወጪ ነው። መኪና ተሽጦ ወይም ዕቁብ ወጥቶ የገባ ከሆነ ማስረጃውን አብረው ያያይዙ። ማስረጃ የሌለው ትልቅ ገንዘብ ከትንሽ ገንዘብ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል።

ሌላው የእኛ ጣጣ ስም ነው። የአባት ስም በፓስፖርቱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ በባንክ ደብዳቤው ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፎ ከሆነ ለእኛ ያው ሰው ነው፤ ለሲስተሙ ግን ሁለት ሰው ነው። የሥራ ደብዳቤውን፣ የባንኩን ወረቀት፣ የመድኑን ሰርተፊኬት ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክረው የተሳሳተውን ያስለውጡ። የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ሲተረጎም ደግሞ ዓመቱን ያረጋግጡ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ ድረስ የሚጨመረው 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ቀኑንና ወሩን ሳይቀይር ዓመቱን ብቻ የሚደምር ተርጓሚ ብዙ አለ።

የአውሮፕላን ትኬቱን ቪዛ ከመያዝዎ በፊት አይክፈሉ፤ ለማመልከቻው ሪዘርቬሽን ይበቃል።

2. ስቲከሩን ከኤምባሲው ደጅ ሳይርቁ ያንብቡ

ቪዛው ላይ ሦስት ቦታ ይመልከቱ። «ከ… እስከ…» የሚለው ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜ ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ ያለው የቀን ቁጥር ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ መቆየት የሚችሉበት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም፦ ከጁን 1 እስከ ጁን 30 ተብሎ ቀኑ 15 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቪዛ ይዞ ጁን 3 የገባ ሰው መውጣት ያለበት ጁን 17 ነው፤ የገባበትም የሚወጣበትም ቀን ይቆጠራል። ጁን 30 ድረስ የቆየ ሰው ሳያውቀው ሕግ ጥሷል። ከጥቅምት 2018 (በፈረንጆቹ 2025) ጀምሮ ሸንገን በድንበር ላይ አሻራና ፎቶ እየወሰደ መግቢያና መውጫን በኮምፒውተር መመዝገብ ስለጀመረ «ማን ያየኛል» አይሠራም።

ሦስተኛው የመግቢያ ብዛት ነው። «1» ካለ ከሸንገን አንዴ ወጥቶ መመለስ የለም። ለንደን ደርሼ ልመለስ ማለት እንደማይቻል ሰው ያውቃል፤ የሚሳሳተው በስቫልባርድ ነው። የኖርዌይ ግዛት ይሁን እንጂ ከሸንገን ውጭ ነው፤ ከኦስሎ ወደዚያ የበረረ ሰው እንደወጣ ይቆጠራል። ፋሮ ደሴቶችና ግሪንላንድም በዴንማርክ ሥር ቢሆኑም ተራ የሸንገን ቪዛ አያስገባቸውም።

ግብዣውን፣ መድኑን፣ የመመለሻ ትኬቱንና የማረፊያውን አድራሻ አትመው በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም። ከኮፐንሃገን ድልድዩን ተሻግሮ ማልሞ በሚገባው ባቡርም ፓስፖርት ሊጠየቁ ስለሚችሉ ሆቴል ጥለውት አይውጡ።

3. ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ይልመዱ

ከእኛ በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ሰዓቱ የሚቀየረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው። ትኬት ላይ ሁሉም ነገር በ24 ሰዓት ይጻፋል፤ 6 ሲቀንሱለት የእኛ ይሆናል፦ 14:25 ማለት ከቀኑ 8:25 ነው። አደጋው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው በረራ ነው። ጁን 3፣ 00:30 የሚል ትኬት ያለው ሰው ቦሌ መገኘት ያለበት ጁን 2 ማታ ነው። ጁን 3 ማታ የሄደ ሰው በረራው ካለፈው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

በርካሽ አየር መንገድ ቀጣይ በረራ ሲቆርጡ የኤርፖርቱን ስም ይዩ። ስካቭስታ ከስቶክሆልም፣ ቶርፕ ከኦስሎ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ በትኬቱ ያተረፉትን አውቶቡሱ ይወስደዋል።

4. ገንዘብ፦ ሦስት አገር፣ ሦስት ክሮነ

አንዳቸውም ዩሮ አይጠቀሙም፤ የአንዱ ክሮነ በሌላው ሱቅ አይሠራም። ስዊድን ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ካፌ፣ ሙዚየም፣ አውቶቡስ የተለመደ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር በውጭ አገር የሚሠራ ቪዛ ካርድ ወይም ማስተርካርድ ነው። ባንክዎ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ካርዱን ሲሞላልዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ካርዱ ሳይሰካ በመንካት ይከፍላል ወይ? የሚስጥር ቁጥሩ ባለ 4 አኃዝ ነው ወይ? የሚቻል ከሆነ ሁለት ካርድ ይያዙ፤ አንዱ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። ስዊድኖች በስልክ የሚከፍሉበት ስዊሽ የአገሪቱን መታወቂያ ቁጥርና ባንክ ስለሚጠይቅ ለእንግዳ አይሆንም።

የክፍያ ማሽኑ «በዶላር ነው በክሮነ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ በክሮነ ይበሉ። ዶላር ያሉ እንደሆነ ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ድርጅት ነው፤ ለራሱም አይሰስትም። ቤት ውስጥ የቆየ የክሮነ ኖት ይዘው ለሚሄዱ ደግሞ፦ የዴንማርክ ባለ 1,000 ክሮነ ኖት ከሜይ 31 ቀን 2025 ጀምሮ መገበያያ አይደለም።

5. ልብስ፦ ውፍረት ሳይሆን ድርብርብ

በዲሴምበር ስቶክሆልም ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 2:45 አካባቢ ሲሆን 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ በጁን ደግሞ አትጠልቅም። በክረምት የሚሄድ ሰው ብርዱን፣ በበጋ የሚሄድ ሰው እንቅልፍ ማጣቱን ያስብ፤ የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ከጃኬት የማያንስበት ወር አለ።

ለክረምት ሦስት ደርብ ይበቃል። ሥጋ የሚነካው ቀጭን የሱፍ ሙታንታና ካናቴራ፣ መሐሉ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ላዩ ነፋስና ውሃ የማያሳልፍ ጃኬት። ጥጥ ከውስጥ አይልበሱ። ጥጥ ላብ ይመጥና አይለቅም፤ ከሜትሮ ሲወጡ ያ እርጥብ ካናቴራ ጀርባ ላይ ይቀዘቅዛል። ቤቱ፣ ባቡሩ፣ ሱቁ ሁሉ እስከ 20 ዲግሪ የሚሞቅ ስለሆነ አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ የለበሰ ሰው ውስጥ ያልበዋል፣ ውጭ ይንቀጠቀጣል። በርገን የሚሄዱ ከሆነ ከብርዱ ይልቅ ዝናቡን ይዘጋጁበት፤ ጃንጥላ ነፋሱን ስለማይችል ባለ ኮፍያ የዝናብ ጃኬት ይሻላል።

ጫማው ላይ ቆም ይበሉ። ከለመዱት ቁጥር አንድ ከፍ ያለ ይግዙ፣ የሱፍ ካልሲ እንዲገባበት። የጠበበ ጫማ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን እግር ያቀዘቅዛል፤ ሙቀት የሚይዘው በጣቶቹ ዙሪያ ያለው አየር ነው። ሶሉን በጥፍርዎ ይጫኑት፦ ለስላሳ ጎማ ከሆነና ጥርሱ ጥልቅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ በረዶ ላይ ሸርተቴ ነው። ከዜሮ በታች ከሆነ 10 ዲግሪ ይልቅ የሚያስፈራው ዜሮ አካባቢ ነው፤ ቀን የቀለጠው ማታ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ለዚህ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ችንካር ላስቲክ አለ፤ ስዊድኖች «ብሮዳር»፣ ኖርዌዮች «ብሮደር» ይሉታል። እዚያው ይግዙት፤ ሱቅ ሲገቡ ማውለቅ አይርሱ፣ ለስላሳ ወለል ላይ እሱ ራሱ ይጥላል።

6. ዘመድ የላከው ዕቃ

ጉምሩክ የሚያስቆመው እዚህ ላይ ነው። ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ማስገባት ክልክል ነው፤ ኖርዌይም ከዚህ አትለይም። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ በበረዶ የተጠቀለለ ዶሮ ወጥ አይገባም። «ለእናቴ ልጅ ነው፣ ትንሽ ነው» አይሰማም፤ ይወሰዳል፣ መቀጮም ሊከተል ይችላል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም፤ ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የወጣበት ቀለም በልብስ ላይ እንዳይቀር በርበሬውን በሁለት ፌስታል ያሽጉ። ጫት በሦስቱም አገሮች በአደንዛዥ ዕፅነት የተፈረጀ ነው፤ የሰው አደራ ሳይፈቱ አይቀበሉ።

መድኃኒት በፋብሪካ ማሸጊያው ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይሁን፤ በተለይ ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው። አንቲባዮቲክ እዚያ ያለ ማዘዣ አይሸጥም።

7. ከኤርፖርት ወደ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ገበታ

ከኦስሎ ጋርደርሞን ፍሊቶጌት የሚባለው ባቡር 19 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቪ (Vy) የሚባለው ኩባንያ ተራ ባቡር 23 ደቂቃ ወስዶ ዋጋው ግማሽ ገደማ ነው። ለ4 ደቂቃ እጥፍ መክፈል የእርስዎ ፈንታ ነው። ከስቶክሆልም አርላንዳ ርካሹ መንገድ በ583 አውቶቡስ ሜርሽታ ደርሶ የከተማውን ባቡር መያዝ ነው፤ ለሁለቱም አንድ የ75 ደቂቃ ትኬት ይበቃል። ትኬት ሳይቆርጡ መሳፈር ግን ቅጣቱ ከባድ ነው፤ እንግዳ ነኝ ማለት አያድንም። ሲም ካርድ መጀመሪያ በሚያርፉበት አገር ኪዮስክ ይግዙ፣ ፓስፖርት ሊጠየቁ ይችላሉ፤ የስዊድኑ ዴንማርክና ኖርዌይም ይሠራል።

ምግብ ውድ ነው። ስዊድን ውስጥ «ዳገንስ» የሚባለው የምሳ ሜኑ በሥራ ቀናት ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ሰላጣውን፣ ዳቦውንና ቡናውን ጨምሮ ይቀርባል፤ ያው ምግብ ማታ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ውሃ አይግዙ፣ የቧንቧው ንጹሕ ነው። ጾም ላይ ያለ ሰው የሚፈልገው ቃል «ቬጋንስክ» ነው፤ «ቬጌታሪስክ» ግን አይብና ዕንቁላል ሊኖርበት ይችላል። አሳማ ለማይበላ ኖርዌይና ዴንማርክ «ስቪን»፣ ስዊድን «ፍሌስክ» እና «ግሪስ» የሚሉትን ይወቁ። ቤት ከተጋበዙ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ያልተቀደደ ካልሲ ያድርጉ።

ስዊድንና ዴንማርክ ለማንኛውም አደጋ 112 ይደወላል። ኖርዌይ ግን አምቡላንስ 113፣ ፖሊስ 112፣ እሳት 110 ነው።

በመመለሻው ቀን የታክስ ተመላሽ ቅጽ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሻንጣ ወደሚያስረክብበት ሳይሆን ወደ ተመላሽ ወይም ጉምሩክ መስኮቱ ነው። ጃኬቱ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከሄደ በኋላ «ዕቃውን አሳዩኝ» ቢባሉ የሚያሳዩት የለም።