በኮንዶሚኒየም ቤት ጤናማ የዕለት ተዕለት ልማድን ስለ መገንባት

በአዲስ አበባ በጀሞ፣ በሰሚት፣ በገላን፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በሌሎችም ሳይቶች የኮንዶሚኒየም ቤት ከደረሳቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የኖሩት ግቢ ባለው፣ ቢያንስ በሩ መሬት ላይ በሚከፈት ቤት ነበር። በዚያ ኑሮ ውሃ መቅዳቱ፣ ልብስ ማስጣቱና ጎረቤት ጋ ብቅ ማለቱ ሰውነትን ሳይታሰብ ያንቀሳቅስ፣ ፀሐይም ያስመታ ነበር። ፎቅ ላይ ሲወጣ ግን ይህ ሁሉ በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ይጠቃለላል፤ የቀረው እንቅስቃሴም ካልታሰበበት በስተቀር በሌላ አይተካም። ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ያለ ስፖርት ቤትና ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊፈጸም የሚችል ነው፤ መነሻውም ልማድ የሚጸናው ሕንፃው ራሱ በየቀኑ ከሚያስገድደን ነገር ጋር፣ ማለትም ከደረጃው፣ ከመስኮቱ፣ ከውሃ ፈረቃውና ከጎረቤቱ ጋር ሲያያዝ ነው የሚል እምነት ነው።

ከደረጃው እንጀምር። አብዛኞቹ የቆዩ ብሎኮች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ብርታት ያለው እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው የዚህን ጥቂት ክፍል ሳይወድ በግድ ይሠራዋል፣ የቀረውን ግን አስቦ መጨመር አለበት። ቀላሉ መንገድ ወደ ታች የሚያስወርዱ ጉዳዮችን በአንድ ጉዞ አለማጠቃለል ነው። ዳቦ ለመግዛት ጠዋት፣ ቆሻሻ ለመጣል ቀን፣ ከእራት በፊት ደግሞ ብሎኮቹን አንድ ሁለቴ ለመዞር ማታ መውረድ ይቻላል። ሲወጡ እግርዎን በደረጃው ላይ በደንብ አሳርፈው፣ በአፍንጫዎ እየተነፈሱ፣ ቃላት ለመናገር በማያስቸግር ፍጥነት ይውጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በተለይ ከቆላ አካባቢ የመጣ እንግዳ ቶሎ ቢያለከልክ ሊያስገርም አይገባም። ሲወርዱ ደግሞ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚበዛ ድጋፉን ይዞ ቀስ ማለት ይበጃል። ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚያስጨንቀው ወይም የሚያዞረው ሰው ግን ልምምድ ስላነሰኝ ነው ብሎ ሳያልፈው ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በደረጃ ላይ ከሁሉ የሚጎዳው ሸክም ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ይህን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ አራት ፎቅ መውጣት ወገብን ወደ አንድ ወገን አጉብጦ የሚጎዳ እንጂ እንደ ስፖርት የሚቆጠር አይደለም። ውሃው በሁለት ባለ አሥር ሊትር ጄሪካን ተከፍሎ፣ በቀኝና በግራ እጅ ተመጣጥኖ፣ በየደረጃው መታጠፊያ እየታረፈ ቢወጣ ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ወገብ ይድናል። ከመሬት ሲያነሱትም ወገብ ታጥፎ ሳይሆን ጉልበት ታጥፎ መነሳት አለበት።

የውሃው ነገር ከሸክም አልፎ እንቅልፍንም ይነካል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሳይቶች ብዙ እናቶች የቧንቧውን ድምፅ እያዳመጡ ያድራሉ፤ በሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስተው ባልዲና በርሜል ይሞላሉ፣ በማግስቱም ደክመው ይውላሉ። ለዚህ መፍትሔው ሲሞላ ራሱን የሚዘጋ ማቆሚያ የተገጠመለት የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሕዝቡ ሮቶ የሚለው፣ መትከል ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ካልቻለ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች አዋጥተው አንድ ትልቅ ሮቶ በምድር ላይ ቢያስተክሉ የሁሉም እንቅልፍ ይጠበቃል። የሚጠጣው ውሃ ክዳን ባለው፣ አፉ ጠባብ በሆነና በየጊዜው በሚታጠብ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ፤ ኩባያ እየተነከረ አይቀዳ። ውሃውን ማፍላት የሚመርጥ ሰው ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆየው።

ከእንቅልፍ ጋር የሚገናኘው ሌላው ነገር ብርሃን ነው። ጠዋት ዓይን የሚያገኘው የቀን ብርሃን አንጎል የሌሊቱን የመኝታ ሰዓት እንዲያሰላ ያግዘዋል፤ ቀኑን ሙሉ በመጋረጃ ጨልሞ በሚውል ክፍል ውስጥ የቆየ ሰው ማታ እንቅልፍ ቢዘገይበት አይደንቅም። ስለዚህ ቤትዎ በየት በኩል ፀሐይ እንደሚያገኝ ይወቁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ጠዋት እንደተነሱ መጋረጃውን ገልጠው ቁርስዎን እዚያው ይብሉ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ወደ ደቡብ የሚያይ ክፍል በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የተሻለ ይሞቃል፤ ልጅና አዛውንት የሚውሉበት ክፍል ይኸው ቢሆን ይመረጣል። ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ጠዋት ወደ ታች ወርዶ ብርሃኑን ከውጭ ያግኝ፤ ያ የዳቦ ጉዞ እዚህም ያገለግላል።

ማታ ላይ ስለ ቡና አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በደም ውስጥ ይቆያል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና አምስት ሰዓት ላይ ለመተኛት የሚፈልገውን ሰው ያስቸግራል። የጎረቤት ቡና መቅረት የለበትም፤ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ባይዘገይ ግን መልካም ነው።

ስለ ከሰል ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ከልማድ ጉዳይ አልፎ የሕይወት ጉዳይ ነው። በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፣ መስኮትና በር ተዘግቶ፣ ከሰል ሊነድ አይገባም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ነጭ አመድ ለብሶ ጭሱ ሲጠፋ ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። በክረምት ለሙቀት ተብሎ መኝታ ቤት የሚገባው ምድጃ ነው ቤተሰብ የሚጨርሰው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ድንገት ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ከያዛቸው ምክንያቱን ሳይመረምሩ መጀመሪያ ወደ ውጭ መውጣት፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ ዕጣን የሚጨስ ከሆነ በረንዳ ላይ ወይም በሰፊው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ይሁን። እንጀራ በሚጋገርበት ቀንም እንፋሎቱ ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ሻጋታ እንዳያመጣ፣ ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶች ተከፍተው ነፋሱ እንዲያልፍ ይደረግ። በብዙ ሳይቶች ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ ታስበው የተሠሩ፣ ኮሚናል የሚባሉ የጋራ ቤቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ለሌላ አገልግሎት ውለዋል። የእርስዎ ብሎክ ኮሚናል ገና ክፍት ከሆነ ይጠቀሙበት።

ለአመጋገብ የፎቅ ኑሮ የሚሰጠው ዕድል ከሚታሰበው ይበልጣል። ምድር ቤት ያለው ሱቅና የመንገዱ ዳር ጉሊት ቅርብ ስለሆኑ አትክልት ለሳምንት ገዝቶ ከማጠውለግ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት መግዛት ይቻላል፤ የተመከረው መጠን ለአንድ አዋቂ በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ቆስጣና ጎመን በረንዳ ላይ፣ ከታች ተበስቶ ውሃ በሚያስወጣ ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ይበቅላሉ። ውጪኛውን ቅጠል ብቻ እየቀጠፉ መሐሉን ቢተዉት ያው ተክል ለረጅም ጊዜ ይሰጣል። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳምም ብዙ ውሃ ሳይጠይቁ ይኖራሉ።

ልጆችንና አዛውንቶችን የሚመለከተው ክፍል ያለ ጎረቤት አይሳካም። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመከራል፤ ወላጅ ግን መኪናውን ፈርቶ ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጠዋል። አራት አምስት ቤተሰቦች ተነጋግረው በየተራ አንድ ትልቅ ሰው ከትምህርት ቤት መልስ ለአንድ ሰዓት ታች ቢቀመጥ ልጆቹ ሁሉ ይጫወታሉ። ሙቀጫ የሚወቀጥበትና ድምፅ የሚቀነስበት ሰዓትም በዚያው ይወሰን፤ ሙቀጫው ሥር ወፍራም ጨርቅ ከተደረገ ደግሞ የታችኛው ቤት ጣሪያ አይናወጥም።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና አባት አራተኛ ፎቅ ላይ ሲኖሩ ለወራት ከቤት ሳይወጡ መቆየታቸው የተለመደ ሆኗል፤ እድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም ይርቅባቸዋል። የሚቻል ከሆነ ቤቱን አከራይቶ ምድር ቤት መከራየት ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ በየመታጠፊያው መቀመጫ ይደረግላቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚያወርዳቸውና የሚያወጣቸው ሰው በስሙ ይመደብ። የደረጃው መብራትና ድጋፍ የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ ጥገናው የአንድ ቤተሰብ ዕዳ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊያሠራው ይገባል። በሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ ላይ ይህ አጀንዳ እንዲያዝ ለኮሚቴው አስቀድመው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የተነቀለውን የደረጃ ድጋፍና የጠፋውን አምፖልም ፎቅ በፎቅ ዘርዝረው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።