5ጂ የሲ ባንድ ዲሻችንን ሲያፍነው ያደረግኩት

የምሠራበት ጣቢያ፣ እዚህ አሜሪካ፣ በሲ ባንድ (ለሳተላይት ሥርጭት በሚያገለግል የሞገድ ክልል) የሚቀበላቸው ቻናሎች በድንገት መቆራረጥ ጀመሩ። ሪሲቨሩ ላይ የሲግናል ኃይሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጥራቱ ግን ዜሮ። እንዲህ ሲሆን ዲሽ ማዟዟር ከንቱ ድካም ነው፤ ባዕድ ሞገድ ገብቷል ማለት ነው።

የኤልኤንቢውን (ዲሹ ላይ ሆኖ የሳተላይቱን ሞገድ አጉልቶ ድግግሞሹን ዝቅ የሚያደርገውን መሣሪያ) ገመድ ስፔክትረም አናላይዘር (ሞገዶችን በድግግሞሻቸው ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ሰካሁት። ከ1170 እስከ 1450 ሜጋኸርዝ ሰፊ ጉብታ ታየ። ኤልኤንቢው የሚመጣውን ሞገድ ከ5150 ሜጋኸርዝ ስለሚቀንስ፣ ጉብታው ከ3.7 እስከ 3.98 ጊጋኸርዝ ነው፤ ለ5ጂ የተሰጠው ራሱ። የእኛ ቻናሎች ከ4.0 በላይ ቢሆኑም የቅርቡ ማማ ጉልበት ኤልኤንቢውን አፍኖታል።

መፍትሔው ባንድ ፓስ ፊልተር (የሚፈለገውን ሞገድ ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚያግድ ማጣሪያ) ነው፤ ቦታው ግን በፊድ ሆርኑ (ዲሹ ያንጸባረቀውን ሞገድ በሚቀበለው አፍ) እና በኤልኤንቢው መካከል ይሁን። ርካሹ የገመድ ፊልተር ከኤልኤንቢው በኋላ ስለሚገባ የታፈነውን አያድንም፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት አትስሙት። በመጋጠሚያው ውኃ የሚከላከለውን ጎማ አትርሱ፣ ብሎኖቹንም በየተቃራኒው እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ ውኃ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

ጥራቱ ተመለሰ፤ አንድ ቻናል ብቻ አልፎ አልፎ ይንገጫገጭ ነበር። እዚህ ላይ ወረቀቱ ጠቀመ። መቀበያ ዲሽ ኤፍሲሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ዘንድ ካልተመዘገበ ከባዕድ ሞገድ ረብሻ ከለላ የለውም፤ የሲ ባንድ ከለላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 19 ቀን 2018 በፊት ሥራ ላይ ለነበሩት ነው። የእኛ የተመዘገበ ስለነበር፣ ምዝገባው ላይ የሠፈረውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከዲሹ ጋር አመሳክሬ ከአናላይዘሩ ምስል ጋር ለስልክ ኩባንያው ላክሁ። የማማውን አንቴና አቅጣጫ አስተካከሉልን፤ መንገጫገጩም ቆመ።